ላፕቶፔ ላይ የወረዱትን የሊኑክስ ፓኬጆች በፍላሽ ወስጄ ሌላ ኮምፒውተር ላይ መጫን አቃተኝ

ቾክና_ኪቦርድ · ማክሰኞ፣ ምሽት 2፡15

ጤና ይስጥልኝ። አንድ ነገር አልገባ ብሎኝ ነው።

የማስተምርበት ትምህርት ቤት ላብ ውስጥ 18 ዴስክቶፖች አሉ። ሁሉም ላይ ኡቡንቱ 22.04 የተባለውን ሊኑክስ ከፍላሽ ጭኛለሁ። ኢንተርኔት የላቸውም፤ በቅርቡም የሚገባላቸው አይመስለኝም። እኔ ቤት ውስጥ ከስልኬ ዳታ እያጋራሁ የምጠቀምበት ላፕቶፕ አለኝ። እሱም ያው 22.04 ነው።

ለልጆቹ ሲ ፕላስ ፕላስ ልጀምርላቸው ነው። ቢልድ-ኢሴንሻል (ኮዱን ወደ ፕሮግራም የሚቀይሩት መሣሪያዎች)፣ ጂኒ (ኮድ መጻፊያው) እና ቪኤልሲ (ቪዲዮ ማጫወቻው) ያስፈልጉኛል። ሦስቱንም ትናንት ላፕቶፔ ላይ በ«ሱዶ አፕት ኢንስቶል» ጫንኳቸው። ሐሳቤ የወረዱትን ፋይሎች በፍላሽ ወስጄ ላቡ ላይ መጫን ነበር። አንዱን ነገር 18 ጊዜ ላውርድ ብል ደመወዜ ለዳታ አይበቃም።

ፋይሎቹ /ቫር/ካሽ/አፕት/አርካይቭስ ውስጥ ይቀመጣሉ ሲባል ሰምቼ ገባሁ። ባዶ ነው። «ሎክ» የምትባል ፋይልና «ፓርሻል» የሚባል ፎልደር ብቻ ቁጭ ብለዋል። ሲወርድ በዓይኔ አይቻለሁ እኮ! የት ገባ?

በሶ_በላ · ማክሰኞ፣ ምሽት 2፡31

ርዕሱ ላይ «ፓኬጅ» የሚል ሳይ የዳታ ፓኬጅ የሚያካፍል ሰው ተገኘ ብዬ ሮጬ ገባሁ። ይቅርታ፣ ቀጥሉ።

ጥቁር_ስክሪን · ማክሰኞ፣ ምሽት 3፡02

መምህር፣ ፋይሎቹ ወርደዋል። ተጭነው ሲያልቁ ግን ተሰርዘዋል። እርስዎ ያጠፉት ነገር የለም።

«አፕት» እና «አፕት-ጌት» ወንድማማቾች ናቸው፤ ጠባያቸው ግን ለየቅል ነው። ኡቡንቱ 16.04 ይዞት ከመጣው አፕት 1.2 ወዲህ፣ ማለትም ከ2016 ጀምሮ፣ «አፕት» የጫነውን ፋይል ወዲያው ይጥላል፤ ዲስክ እንዳይሞላ ብሎ ነው። «አፕት-ጌት» ግን እንደ እናቶቻችን ነው። ፌስታል አይጥልም፤ አጣጥፎ ያስቀምጣል።

ለወደፊቱ «አፕት»ም እንዲያስቀምጥ ከፈለጉ /ኢቲሲ/አፕት/አፕት.ኮንፍ.ዲ ውስጥ አንድ ፋይል ይፍጠሩ፤ ስሙ 01ኪፕ-ዴብስ ይሁን። ውስጡ ይህችን መስመር ብቻ ይጻፉ፦

ባይነሪ::አፕት::አፕት::ኪፕ-ዳውንሎድድ-ፓኬጅስ "ትሩ";

«አፕት» ሁለቴ የተጻፈው በስህተት አይደለም። እዚህ በእኛ ፊደል ብጽፈውም ተርሚናሉ ላይ በላቲን ነው የሚጻፈው፤ ይህን ለጀማሪዎች ነው የምለው። መጨረሻ ላይ ያለችውን ነጠላ ሰረዝ ከነነጥቧ እንዳይረሷት።

ዛሬ ግን ምንም ነገር ደግመው አያውርዱ። የተሻለ መንገድ አለ፤ ነገ በሰፊው እጽፋለሁ። አሁን ሥራ ላይ ነኝ።

ሚጢጢ_ፔንግዊን · ማክሰኞ፣ ምሽት 3፡10

ምን ነገ ያስጠብቃል? ላፕቶፑ ላይ «ሪሙቭ» ከዚያ «አውቶሪሙቭ» አድርግ። በ«አፕት-ጌት» መልሰህ ጫን። ካሹ (ያ ባዶ ያገኘኸው ፎልደር) ውስጥ ቁጭ ይላሉ፤ መጨረሻቸው «.ዴብ» የሆነ የፓኬጅ ፋይሎች ናቸው። ፍላሽ ላይ ገልብጥ፣ ላቡ ላይ «ሱዶ ዲፒኬጂ -አይ *.ዴብ»። አለቀ። እኔ ሁሌ እንደዚህ ነው የማደርገው።

ቾክና_ኪቦርድ · ረቡዕ፣ ከሰዓት 9፡40

መጠበቅ አቅቶኝ የሚጢጢን ምክር ሞከርኩ። ሌሊት አወረድኩ፣ ጠዋት ፍላሹን ይዤ ላብ ገባሁ።

ጂኒ ገባ። ደስ ብሎኝ ልጆቹን ልጠራ ነበር። ከዚያ ቀይ በቀይ ሆነ። ቪኤልሲ ስሙን ሰምቼው የማላውቀውን ላይብረሪ (ፕሮግራሞች የሚጋሩት ኮድ) የለም አለኝ። ቢልድ-ኢሴንሻል ደግሞ ይህን ጻፈ፦

«ሊብሲ6-ዴቭ የሚፈልገው ሊብሲ6 (= 2.35-0ኡቡንቱ3.8) ነው፤ እዚህ ሲስተም ላይ ያለው ግን 2.35-0ኡቡንቱ3 ነው።»

ሁለቱም 22.04 አይደሉም እንዴ? ላፕቶፔ ላይ ያለ ችግር የገባ ነገር እዚህ ለምን እምቢ ይላል?

ሚጢጢ_ፔንግዊን · ረቡዕ፣ ከሰዓት 9፡52

ውይ። ይቅርታ መምህር፣ አስተማሪ መሆንዎን ልብ ሳልል «አንተ» ብዬም ነበር። የእኔ ሁለት ኮምፒውተሮች በአንድ ቀን የተጫኑ ናቸው፤ ለዚያ ይሆን?

ጥቁር_ስክሪን · ረቡዕ፣ ምሽት 1፡20

አዎ፣ ለዚያ ነው። መምህሩ ካዩዋቸው ሁለት የስህተት መልእክቶች የመጀመሪያው፣ የቪኤልሲው፣ እንዲህ ነው።

አፕት የሚያወርደው የጎደለውን ብቻ ነው። ላፕቶፕዎ ላይ ከዓመት በፊት የሆነ ቪዲዮ ማቀናበሪያ ጭነው ይሆናል። ያኔ የገቡት ላይብረሪዎች ዛሬም አሉ። ስለዚህ ትናንት ቪኤልሲን ሲጭኑ እነሱን አላወረደም፤ ምን ብሎ ያወርዳል? ካሹ ውስጥ ያለው የላፕቶፑ ጉድለት ነው እንጂ የላቡ ጉድለት አይደለም። የታመመውን ትቶ ጎረቤቱን መመርመር ማለት ነው።

ሊብሲ6 (ፕሮግራሞች የሚቆሙበት መሠረታዊ ላይብረሪ) ላይ ያለው ከዚህ የጠነከረ ነው። ብዙ ፓኬጆች «ይህ ቁጥር ወይም ከዚያ በላይ ይኑር» ይላሉ፤ የሚያሳየው ምልክት >= ነው። ሊብሲ6-ዴቭ ግን ባዶ እኩል ምልክት ነው ያለው። ልክ ያንኑ ቁጥር ይፈልጋል፤ አንዲት ጭረት አይለቅም። ላፕቶፕዎ ሲዘመን ሊብሲ6 ከ«3» ተነስቶ «3.8» ደርሷል። ላቡ ያሉት በ2022 የወጣው አይሶ (የመጫኛው ፋይል) ላይ በነበረው ቁጥር ቆመዋል። የሁለቱም ስም 22.04 ነው፤ ዕድሜያቸው ግን አንድ አይደለም።

ስለዚህ ላፕቶፑን ሳይሆን የላቡን ኮምፒውተር ነው መጠየቅ ያለብን፦ ምን ጎደለህ? ኢንተርኔት ባይኖረውም ሊመልስ ይችላል፤ ዝርዝሩ ከተሰጠው።

እንዲህ ያድርጉ። ላፕቶፑ ላይ «ሱዶ አፕት-ጌት አፕዴት» ይበሉ። ከዚያ /ቫር/ሊብ/አፕት/ሊስትስ የሚባለውን ፎልደር ሙሉውን፣ ከ /ኢቲሲ/አፕት/ሶርስስ.ሊስት ጋር ፍላሽ ላይ ይገልብጡ። የላቡ ኮምፒውተር ላይ በዚያው ቦታ ይተኩ። ሁለቱም አብረው መሄድ አለባቸው፤ ሊስትስ ውስጥ ያሉት ፋይሎች ስማቸው የሚጀምረው በሚያወርዱበት ሰርቨር አድራሻ ነው። ሶርስስ.ሊስት ሌላ አድራሻ ከያዘ አያያቸውም።

አሁን የላቡ ኮምፒውተር ዓለም ላይ ምን እንዳለ ያውቃል፤ መድረስ ብቻ ነው ያልቻለው። እዚያው ላይ፦

ሱዶ አፕት-ጌት --ፕሪንት-ዩሪስ -ዋይ -ኪውኪው ኢንስቶል ቢልድ-ኢሴንሻል ጂኒ ቪኤልሲ > ዝርዝር.ቲኤክስቲ

ምንም አያወርድም፣ ምንም አይጭንም። የሚያስፈልገውን እያንዳንዱን ፋይል በአንድ አንድ መስመር ይጽፋል፦ መጀመሪያ በነጠላ ጥቅስ የታሰረ አድራሻ፣ ቀጥሎ የፋይሉ ስም፣ ቀጥሎ መጠኑ በባይት፣ መጨረሻ ላይ ሃሹ፣ ማለትም የፋይሉ አሻራ። ይክፈቱትና ይዩት፤ አዲሱ ሊብሲ6 ራሱ ውስጡ ይኖራል። ትናንት ያጡት እሱን ነው።

ዝርዝሩን ይዘው ቤት ይሂዱ። አድራሻውን ብቻ ለመለየት፦

ከት -ዲ "'" -ኤፍ2 ዝርዝር.ቲኤክስቲ > አድራሻ.ቲኤክስቲ

ከዚያ «ደብሊውጌት -ሲ -አይ አድራሻ.ቲኤክስቲ»። «-ሲ» ማለት ካቆመበት ይቀጥል ማለት ነው። ዳታው መሀል ላይ ቢያልቅ ካርድ ሞልተው ያንኑ ትዕዛዝ ይድገሙት፤ የወረደውን አያወርድም።

ፌዶራ_ባርኔጣ · ረቡዕ፣ ምሽት 1፡48

ይህ ሁሉ ጣጣ ለምን? ፌዶራ (ሌላው ሊኑክስ) ላይ «ዲኤንኤፍ ዳውንሎድ --ሪዞልቭ» ነው፤ ከነዲፔንደንሲው፣ ማለትም ከሚፈልጋቸው ሌሎች ፓኬጆች ጋር፣ ያወርዳል፤ «ኦልዲፕስ» ብለህ ብትጨምር ደግሞ አንተ ዘንድ ያለውንም ሳይቀር ያወርዳል። ዲኤንኤፍ.ኮንፍ ውስጥ ኪፕካሽ=1 ካልክ ደግሞ ካሹን አያጠፋም። ወደ ባርኔጣው ኑ።

በሶ_በላ · ረቡዕ፣ ምሽት 1፡55

ሰውዬው 18 ኮምፒውተር ላይ ኡቡንቱ ጭኖ ጨርሷል። ድግሱ ካለቀ በኋላ «ዶሮ ነበር የሚሻለው» አይባልም።

እቴ_ሩት · ረቡዕ፣ ምሽት 2፡30

ጥቁር_ስክሪን የጻፈው ትክክል ነው። እኔ ሁለት ነገር ልጨምር። (ስሜ ሩት አይደለም፤ ሩት፣ ማለትም ሙሉ ሥልጣን ያለው ተጠቃሚ፣ የሆንኩት ተርሚናል ላይ ነው።)

መምህር፣ ዛሬ በግማሽ የገባውን ለማስተካከል ብለው «ሱዶ አፕት-ጌት -ኤፍ ኢንስቶል» ብለው ነበር? ብዙ ቦታ ይህን ነው የሚመክሩት። ኢንተርኔት ላለው ሰው ጥሩ ነው፤ የጎደለውን አውርዶ ይሞላል። ኢንተርኔት ከሌለ ግን የሚቀረው መፍትሔ አንድ ነው፦ የተጣሉትን ማውጣት። «እነዚህ ይወገዳሉ» ብሎ ዝርዝር ያወጣና አዎ ወይስ አይ ይላል። ያንን ዝርዝር አንብቡ። እኔ ከዓመታት በፊት ሳላነብ «አዎ» ብዬ ኮምፒውተሩን ሳስነሳ ዴስክቶፑ የለም። ጥቁር ስክሪን፤ የእኛን ወንድም ሳይሆን እውነተኛውን ማለቴ ነው። በማግስቱ የማስረክበው ሥራ ነበረኝ።

ሌላው፦ እንደዚህ ያለ ችግር ሲያጋጥም ሰዉ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ «የቪኤልሲ ዴብ ያለው?» ይላል። አንዱ ይልካል፣ ሌላው ይጭናል። ይህን አታድርጉ። ከኦፊሴላዊው ማከማቻ ሲወርድ የተፈረመው የማውጫው ፋይል ነው። ማውጫው የእያንዳንዱን ፓኬጅ ሃሽ ይይዛል። አፕት ሲያወርድ በዚያ ያመሳክራል። ፋይሉ ብቻውን ከእጅ ወደ እጅ ሲሄድ ያ ሰንሰለት ይበጠሳል። «ዲፒኬጂ -አይ» ደግሞ ፊርማ አምጣ አይልም። ዴብ ውስጥ ደግሞ ፕሮግራሙ ብቻ አይደለም ያለው፤ ከመጫኑ በፊትና በኋላ የሚሠሩ ስክሪፕቶች አሉበት፤ የሚሠሩትም በሩት ሥልጣን ነው። ማን እንደጻፋቸው ሳታውቁ ቁልፉን አስረከባችሁ ማለት ነው።

ከሰው የመጣ ፋይል ከተጠራጠራችሁ «ሻ256ሰም» ብላችሁ ሃሹን አውጡ። «አፕት-ካሽ ሾው» ብላችሁ ማውጫው ላይ ካለው ጋር አስተያዩ። ለሃምሳ ፋይል ይሰለቻል፤ አውቃለሁ። የመጀመሪያዎቹን ስምንት ፊደሎችና የመጨረሻዎቹን ስምንት ብቻ የሚያዩ ሰዎችም አሉ። እኔ አንዷ ነኝ፤ ግን እናንተ ሙሉውን እዩ።

ሚጢጢ_ፔንግዊን · ረቡዕ፣ ምሽት 2፡44

እኔ ያለኝ 24.04 ነው። የመምህሩን ፋይሎች ብወስድ ይሠራሉ?

ጥቁር_ስክሪን · ረቡዕ፣ ምሽት 2፡58

አይሠሩም፤ በተለይ በ22.04 እና በ24.04 መካከል። 24.04 ሲወጣ ብዙ ላይብረሪዎች ስማቸው ተቀይሯል፤ መጨረሻቸው ላይ «ቲ64» ተለጥፏል። ሊብጂሊብ2.0-0 የነበረው ሊብጂሊብ2.0-0ቲ64 ሆኗል። ምክንያቱ የ2038 ችግር ነው። 32 ቢት ሲስተም ጊዜን የሚቆጥርበት ቁጥር በዚያ ዓመት ይሞላል። ለአሮጌዎቹ የኤአርኤም ማሽኖች ብለው ቆጣሪውን ሲያሰፉ ስሙ ለሁሉም ተቀየረ።

የፋይሉን ስም ማንበብ ልመዱ። ሦስት ክፍል አለው፤ በስር ሰረዝ የተለያየ፦ ስም፣ ቁጥር፣ የማሽን ዓይነት። መጨረሻው ኤኤምዲ64 ከሆነ ለተለመደው 64 ቢት ነው፤ ፕሮሰሰሩ ኢንቴል ቢሆንም። አርም64 ከሆነ እንደ ራስፕቤሪ ፓይ ላሉት ነው። «ኦል» ካለ ለሁሉም። የማሽናችሁን ለማወቅ «ዲፒኬጂ --ፕሪንት-አርኪቴክቸር»።

ለምሳሌ የአማርኛ ፎንቱ ፎንትስ-ሲል-አቢሲኒካ መጨረሻው «ኦል» ነው። ፎንት ብቻ ስለሆነ ፕሮሰሰር አይመርጥም። እሱን ከማንኛውም ኡቡንቱ ወይም ዴቢያን (የኡቡንቱ ወላጅ የሆነው ሊኑክስ) ወስደህ የትም ብትጭነው ይገባል። መምህር፣ ልጆቹ በአማርኛ የሚጽፉ ከሆነ እሱንና አይባስ-ኤም17ኤንን ዝርዝሩ ላይ ይጨምሩ። ሰኞ «ሳጥን ሳጥን ብቻ ነው የሚታየኝ» የሚል ተማሪ ይመጣብዎታል።

አሮጌ_ፔንቲየም · ረቡዕ፣ ምሽት 3፡15

የእኔ 32 ቢት ነው። ተስፋ አለኝ?

ጥቁር_ስክሪን · ረቡዕ፣ ምሽት 3፡20

ኡቡንቱ ትቶሃል። ዴቢያን 12 ላይ መጫን ትችላለህ፤ 13 ላይ ግን ለ32 ቢት ኢንስቶለርም ከርነልም የለም። ከቻልክ ማሽኑን ቀይር፤ ካልቻልክ 12ን ይዘህ ቆይ።

ሲልቨር_ስፕሪንግ_ማዶ · ሐሙስ፣ ንጋት 11፡05

ልጆች፣ ይህን ሳነብ ድሮ ትዝ አለኝ። አሜሪካ ከመምጣቴ በፊት አዲስ አበባ እያለሁ ካኖኒካል (የኡቡንቱ ኩባንያ) የኡቡንቱ ሲዲ በነፃ በፖስታ ይልክ ነበር። ሺፕኢት ይባላል። ከ2005 እስከ 2011 ነው የቆየው። ድረ ገጹ ላይ ትሞላለህ፣ ትረሳዋለህ፣ ከሳምንታት በኋላ ፖስታ ቤት ማስታወቂያ ይደርስሃል። የመጀመሪያዋን ሲዲ የጎረቤት ልጆች ሁሉ ተዋሱብኝ። መጨረሻ ላይ መሀሏ ተጭሮ ማንበብ እምቢ አለች።

ሲዲው ላይ የሌለ ፕሮግራም ሲያስፈልግ ያው እናንተ ያላችሁት ነው። ኢንተርኔት ካፌ ሄጄ በደቂቃ እየከፈልኩ አንድ ዴብ አወርዳለሁ። ቤት ስገባ ሌላ ይጠይቃል። ነገ እመለሳለሁ። ያም ሌላ ይጠይቃል። ፕሪንት-ዩሪስን ያኔ የሚነግረኝ ሰው ባገኝ ስንት የታክሲ ብር በቀረልኝ።

ሲናፕቲክን የሚጠቀም ካለ፣ እሱም ይህንኑ በመዳፊት ይሠራል። ፋይል የሚለው ሜኑ ውስጥ የማውረጃ ስክሪፕት ፍጠር የሚል አለ። ከዚያ የወረዱትን አስገባ የሚልም አለ። ተርሚናል ለሚፈራ ሰው እሱ ይሻላል።

ሚጢጢ_ፔንግዊን · ሐሙስ፣ ቀን 7፡30

አንድ ጥያቄ ልሰርቅ። በዚሁ መንገድ ፋየርፎክስን አውርጄ ነበር። ዴቡ በጣም ትንሽ ነው፤ ኪሎባይት። ስጭነው ኢንተርኔት ፍለጋ ይሄድና ይቆማል።

እቴ_ሩት · ሐሙስ፣ ቀን 7፡48

ያ ዴብ ባዶ ፖስታ ነው። ከ22.04 ጀምሮ ኡቡንቱ ላይ ፋየርፎክስ የሚመጣው በስናፕ፣ ማለትም በሌላ ዓይነት ፓኬጅ፣ ነው። ዴቡ የሚሠራው ስናፑን መጥራት ብቻ ነው። ክሮሚየምም ከ19.10 ጀምሮ እንደዚሁ ነው። ኢንተርኔት ባለበት «ስናፕ ዳውንሎድ ፋየርፎክስ» በል፤ ሁለት ፋይል ይሰጥሃል፤ አንዱ መጨረሻው .ስናፕ፣ ሌላው .አሰርት። እዚያ ማዶ መጀመሪያ «ሱዶ ስናፕ አክ» ከአሰርቱ ጋር፣ ከዚያ «ሱዶ ስናፕ ኢንስቶል» ከስናፑ ጋር። አሰርቱ ፊርማው ነው። ስናፑ የሚቆምበት ቤዝም፣ «ኮር» ብሎ የሚጀምረው፣ እዚያ ከሌለ እሱንም በዚሁ መንገድ ማውረድ አለብህ።

ተጠቃሚ_404 · ሐሙስ፣ ቀን 8፡10

አፕኢሜጅ ተጠቀሙ፤ አንድ ፋይል ነው፣ መጫን የለም፣ ዲፔንደንሲ የለም።

በሶ_በላ · ሐሙስ፣ ቀን 8፡14

22.04 ላይ ስትከፍተው ሊብፊውዝ2 የለም ይልሃል። ሊብፊውዝ2 ምንድን ነው? ዴብ። እንኳን ደህና ተመለስክ።

ቾክና_ኪቦርድ · ዓርብ፣ ምሽት 12፡50

መጣሁ። ሁሉንም በቅደም ተከተል ልንገራችሁ።

ሐሙስ ጠዋት ሊስትስንና ሶርስስ.ሊስትን የላቡ አንድ ኮምፒውተር ላይ አስገባሁ። የመጀመሪያው ፍላሼ አልጻፍ አለኝ፤ ለካ ኡቡንቱ የጫንኩበት ቡት ማድረጊያው ነው። ሌላ ተዋስኩ። ፕሪንት-ዩሪስ ሲሠራ ደነገጥኩ፤ ዝርዝሩ ከጠበቅኩት በላይ ረዘመ። ግን ሊብሲ6 እውነትም አለ።

ማታ በደብሊውጌት ሁሉንም አወረድኩ። ዳታው አንዴ አለቀ፤ «-ሲ» ባትኖር ኖሮ አልቅሼ ነበር።

ዛሬ ጠዋት ፋይሎቹን የላቡ ኮምፒውተር /ቫር/ካሽ/አፕት/አርካይቭስ ውስጥ ገለበጥኩና «ሱዶ አፕት-ጌት ኢንስቶል» አልኩ። ማውረድ ያለበት 0 ባይት ነው ይላል ብዬ ጠበቅኩ። ጥቂት ኪሎባይት ይቀረኛል አለኝ! የቀሩት ጂሲሲ፣ ጂ++ እና ሲፒፒ ናቸው። እኔ ደግሞ ፋይሎቹን አየኋቸው፤ እዚያው ፎልደር ውስጥ አሉ። እያያቸው የሉም ይላል። ግማሽ ሰዓት ተፋጠጥን።

ከዚያ ዝርዝር.ቲኤክስቲን ከፍቼ መስመር በመስመር አስተያየሁ። አድራሻው ውስጥ የፋይሉ ስም ጂሲሲ_11.2.0 ይላል። ሁለተኛው ክፍል ላይ ግን ጂሲሲ_4%3ኤ11.2.0 ይላል! «4%3ኤ» ምንድን ነች? እንደዛ ብዬ ስሙን ብቀይረው ወዲያው አወቀው። ሦስቱንም ቀየርኩ። 0 ባይት አለ። ገባ።

ጥቁር_ስክሪን · ዓርብ፣ ምሽት 1፡15

መምህር፣ እኔ ልነግርዎት የሚገባኝን ረስቼ እርስዎ አገኙት። ይቅርታ።

እሷ ኢፖክ ትባላለች። የፓኬጁ አዘጋጆች የቁጥር አሰጣጣቸውን ሲቀይሩ አዲሱ ከአሮጌው ያነሰ እንዳይመስል ከፊት አንድ ቁጥርና ሁለት ነጥብ ይጨምራሉ። የጂሲሲ ሙሉ ቁጥር 4:11.2.0 ነው። ሰርቨሩ ላይ የፋይሉ ስም ኢፖክን አይጽፍም። አፕት ካሹ ውስጥ ሲያስቀምጥ ግን ይጽፋታል፤ ሁለት ነጥቧን ደግሞ «%3ኤ» አድርጎ። በአፕት ብናወርድ ራሱ ይሰይመው ነበር፤ በደብሊውጌት ስላወረድን የሰርቨሩ ስም መጣ።

ስም መቀየር የማይፈልግ ሰው ፋይሎቹን ካሹ ውስጥ ሳያስገባ አንድ ፎልደር ውስጥ አድርጎ «ሱዶ አፕት ኢንስቶል ./*.ዴብ» ይበል። ነጥቧና ሰያፏ የግድ ናቸው፤ እነሱ ከሌሉ ከማከማቻው ሊፈልግ ይሄዳል። ያኔ አፕት ውስጡን ከፍቶ ስለሚያነብ የፋይሉ ስም አያሳስበውም። ሆም ፎልደር ውስጥ ካደረጋችሁት መጨረሻ ላይ በ«ኤን» የሚጀምር፣ ስለ «_አፕት» ተጠቃሚ ፈቃድ የሚያወራ መስመር ይወጣል። ማስታወሻ ነው፤ ስህተት አይደለም። ስንቱ ሰው እሱን አይቶ አልተጫነም ብሎ ከዜሮ ጀምሯል።

ለቀሩት 17 ፍላሽ ይዘው አይዙሩ። ኮምፒውተሮቹን በኬብል የሚያገናኝ የኔትወርክ ስዊች አለዎት?

ቾክና_ኪቦርድ · ዓርብ፣ ምሽት 1፡22

አለ። 24 ፖርት፤ አቧራ ለብሶ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። ኬብሎቹም አሉ።

ጥቁር_ስክሪን · ዓርብ፣ ምሽት 1፡50

ጎሽ። ላፕቶፑን ማከማቻ እናድርገው። ዴቦቹ ሁሉ ያሉበት ፎልደር ይግቡና፦

ዲፒኬጂ-ስካንፓኬጅስ . | ጂዚፕ > ፓኬጅስ.ጂዚ

ይህ ትዕዛዝ ዲፒኬጂ-ዴቭ ውስጥ ነው ያለው፤ ቢልድ-ኢሴንሻል አብሮ ስላመጣው ላፕቶፕዎ ላይ አለ። ከዚያ እዚያው ፎልደር ውስጥ ሆነው «ፓይተን3 -ኤም ኤችቲቲፒ.ሰርቨር 8000»። ኡቡንቱ ላይ ፓይተን ስላለ ሌላ ምንም አያስፈልግም።

ለኮምፒውተሮቹ በእጅ የአይፒ አድራሻ ይስጡ፤ ላፕቶፑ ለምሳሌ 192.168.1.10 ይሁን። እያንዳንዱ ላይ ሶርስስ.ሊስትን ስሙን ቀይረው ያስቀምጡና በቦታው አንድ መስመር ያለው አዲስ ይጻፉ፦

ዴብ [ትረስትድ=የስ] ኤችቲቲፒ://192.168.1.10:8000 ./

ከዚያ አፕዴት፣ ከዚያ ኢንስቶል። ላፕቶፑ ላይ ማን ምን እንደወሰደ መስመር በመስመር ያሳያል።

እቴ_ሩት · ዓርብ፣ ምሽት 2፡05

«ትረስትድ=የስ» ማለት ፊርማ አትጠይቅ ማለት ነው። ፋይሎቹን ራስዎ ከኦፊሴላዊው ቦታ ስላወረዱ ለዛሬ ይሁን። ሲጨርሱ ያቺን መስመር ያጥፉና የድሮውን ሶርስስ.ሊስት ይመልሱ። ነገ አንድ ጎበዝ ተማሪ የራሱን ላፕቶፕ በ192.168.1.10 ሰይሞ የፈለገውን እንዳያስጭንብዎት። ጎበዝ ተማሪ ካለዎት ማለቴ ነው።

ቾክና_ኪቦርድ · ዓርብ፣ ምሽት 2፡09

አለ እንጂ። የፈራሁትም እሱን ነው።

ፌዶራ_ባርኔጣ · ዓርብ፣ ምሽት 2፡30

አንዱን አሳምሮ ጭኖ በክሎኔዚላ ወደ ሌሎቹ መገልበጥ አይቀልም ነበር? በእርግጥ የሁሉም ስም አንድ ይሆናል፤ ሆስትኔሙንና ማሽን-አይዲውን አንድ በአንድ መቀየር ግድ ነው።

ጥቁር_ስክሪን · ዓርብ፣ ምሽት 2፡34

ከመጀመሪያው ቢታሰብበት ኖሮ ይቀል ነበር። ዛሬ ባርኔጣህን አነሳሁልህ።

ቾክና_ኪቦርድ · ቅዳሜ፣ ቀን 6፡20

ከላብ ነው የምጽፈው። ሁለት ተማሪዎች ሊያግዙኝ መጥተዋል። አንዱ ኬብል ይሰካል፣ አንዷ ትዕዛዙን ትጽፋለች። ላፕቶፑ ላይ መስመሮቹ ሲወርዱ ቁጭ ብዬ አያለሁ። 17ቱ አልቀዋል። ሦስቱ ላይ ሶርስስ.ሊስት ውስጥ ነጥቧን ረስተን ነበር፤ አስተካከልናት። የእቴ ሩትንም ቃል አክብሬ መስመሯን ከሁሉም አጥፍቻለሁ፤ ጎበዙ ተማሪ ወደ ውጭ እንዲወጣ ካደረግኩ በኋላ።

18ኛው ግን ከነጭራሹ አልነሳ አለ። ሦስቴ ጢጥ ይልና ዝም ይላል። ከሊኑክስ ጋር የተያያዘ አይመስለኝም።

አሮጌ_ፔንቲየም · ቅዳሜ፣ ቀን 6፡28

ሜሞሪው ነው። ኬብሉን ከሶኬት ንቀልና ክፈተው፤ ሜሞሪውን አውጣና ቢጫ ቢጫውን ጥርስ በላጲስ ጥረገው። ፍርፋሪውን አራግፍ። መልሰህ ስትሰካ ሁለቱም ጎን ቀጭ ማለት አለበት።

ቾክና_ኪቦርድ · ቅዳሜ፣ ቀን 6፡55

ላጲስ ከተማሪዋ ተዋስን። ተነሳ። አሁን እየጫነ ነው።

ሚጢጢ_ፔንግዊን · ቅዳሜ፣ ቀን 7፡01

መምህር፣ ዝርዝር.ቲኤክስቲን እዚህ ይለጥፉልን? የእኛም ትምህርት ቤት 22.04 ነው፤ እኔ ልጭንላቸው ነው።

ቾክና_ኪቦርድ · ቅዳሜ፣ ቀን 7፡06

አልለጥፍልህም። የእናንተን ኮምፒውተር ጠይቀው።